ሮጀር አክሮይድን ማን ገደለው?
ስምንት ተጠርጣሪዎችና አንድ ብዕር የያዘ ሰው

የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ማንበብ የሚወድ ሰው አንድ የታወቀ ልማድ አለው። ገና ሬሳው ሳይነሣ፣ መርማሪውም ባርኔጣውን ሳያወልቅ «ገዳዩ እገሌ ነው» ብሎ ይፈርዳል። ጓደኛው ደግሞ «የለም፤ ገረዲቱ ናት» ይላል። እንዲህ ሲከራከሩ ሰንብተው መጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርሱ አንዱ ይኮራል፤ ሌላው ያፍራል። ጨዋታው ጉዳት የለበትም፤ እንዲያውም አእምሮን ይስላል። ይሁን እንጂ ሁለቱንም ተከራካሪዎች አሳፍሮ የሰደደ አንድ መጽሐፍ አለ። እኛም በዛሬው ጽሑፋችን የዚህን መጽሐፍ ዋና ዋና ሰዎችና ተጠርጣሪዎች አንድ በአንድ ለአንባቢዎቻችን ለማስተዋወቅ አስበናል።

መጽሐፉ እንግሊዛዊቷ ደራሲ ወይዘሮ አጋታ ክሪስቲ የጻፉት «የሮጀር አክሮይድ መገደል» የተባለው ሲሆን፣ በ1926 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ ታተመ። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓቱ ግን በእኛ አቆጣጠር ነው። ደራሲዋ በ1890 ዓ.ም. ቶርኪ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ተወልደው በ1976 ዓ.ም. ዐርፈዋል። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ በተወለዱበት ከተማ በሚገኝ ሆስፒታል መድኃኒት ቤት ውስጥ ይሠሩ ነበርና፣ ስለ መድኃኒትና ስለ መርዝ ያገኙት ዕውቀት በብዙ መጽሐፎቻቸው ውስጥ ይታያል።

ከመቀጠላችን በፊት አንድ ነገር እናሳስባለን። የመጽሐፉን ምሥጢር እስከ መጨረሻው እንገልጠዋለን። መጽሐፉን ገና ያላነበበና ለማንበብ ያሰበ ሰው እዚህ ላይ ገጹን አጥፎ ቢያስቀምጥ አንቀየምም፤ አንብቦ ሲጨርስ ይመለስልን።

ታሪኩ የሚፈጸመው ኪንግስ አቦት በምትባል ትንሽ የእንግሊዝ መንደር ነው። እንደ ማንኛውም መንደር፣ በዚያም የአንዱ ቤት ወሬ ከሌላው ቤት ሻይ ጋር አብሮ ይጠጣል። በመንደሩ ውስጥ ሁለት ባለጸጎች አሉ። አንዱ ፈርንሊ ፓርክ በሚባለው ትልቅ ቤት የሚኖረው ሮጀር አክሮይድ ነው። ሁለተኛዋ ባሏ ከሞተ አንድ ዓመት የሆናት ወይዘሮ ፌራርስ ናት። ሁለቱ ሊጋቡ ነው እየተባለ ይወራል። ነገር ግን ሴፕቴምበር 17 ቀን ዓርብ ጠዋት ወይዘሮ ፌራርስ ቬሮናል የሚባለውን የእንቅልፍ መድኃኒት ከመጠን በላይ ወስዳ አልጋዋ ላይ ሞታ ተገኘች።

በዚያው ዕለት ማታ ሚስተር አክሮይድ የመንደሩን ሐኪም ዶክቶር ጄምስ ሼፐርድን እራት ጋበዘው። ከእራት በኋላ ወደ ጽሕፈት ክፍሉ ወስዶ፣ በሩን ዘግቶ፣ የከበደውን ነገር ነገረው። ወይዘሮ ፌራርስ ጨካኝና ሰካራም የነበረውን ባሏን በመርዝ እንደ ገደለች ራሷ ተናዝዛለታለች። ይህንንም ምሥጢር ያወቀ አንድ ሰው «አወጣብሻለሁ» እያለ ዓመት ሙሉ ገንዘቧን ሲመጠምጣት ቆይቷል። ያ ሰው ማን እንደ ሆነ ግን ለአክሮይድ አልነገረችውም። ይህን እየተጨዋወቱ ሳሉ የማታው ፖስታ መጣ። ከደብዳቤዎቹ መካከል አንዱ ሟቿ ከመሞቷ በፊት የጻፈችው ነው። አክሮይድ ማንበብ ጀመረ፤ የበዳዩ ስም የሚጠራበት ቦታ ሲደርስ ግን «ለብቻዬ ላንብበው» ብሎ አቆመ። ሐኪሙ አሁኑኑ እንዲያነበው ቢወተውተውም እምቢ አለ። ለሦስት ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው ሐኪሙ ተሰናብቶ ወጣ።

ሦስት ሰዓት ሲደወል ሐኪሙ ከግቢው በር ላይ አንድ የማያውቀውን ሰው አገኘ። ከአራት ሰዓት ከሩብ ላይ ቤቱ ሳለ ስልክ ተደወለለት። ስልኩን ዘግቶ «የአክሮይድ አሽከር ፓርከር ነው፤ ጌታዬ ተገድሎ ተገኘ ይላል» ሲል ለእኅቱ ነገራት። ቦርሳውን አንሥቶ ሮጠ። ፓርከር ግን በሩን ከፍቶለት «እኔ አልደወልኩም» አለ። የጽሕፈት ክፍሉን በር ሰብረው ሲገቡ አክሮይድ ከተቀመጠበት ወንበር ላይ አንገቱን በጩቤ ተወግቶ ሞቷል። መስኮቱ ተከፍቷል። ደብዳቤው የለም።

ጉዳዩን የሚመረምረው ኤርኩል ፖይሮ ነው። ይህ ቤልጅጋዊ መርማሪ ሥራውን ትቶ በሐኪሙ ጎረቤት ቤት ተከራይቶ ዱባ ይተክል ነበር። ቀድሞ የምርመራ ጓደኛው የነበረው ካፒቴን ሄስቲንግስ ወደ አርጀንቲና ሄዷልና፣ ፖይሮ በእሱ ፈንታ ዶክቶር ሼፐርድን አጋዥ አደረገው። ታሪኩንም ከመጀመሪያው አንሥቶ «እኔ» እያለ የሚተርክልን ይኸው ሐኪም ነው። እንግዲህ ተጠርጣሪዎቹን እንቁጠር።

1ኛ፤ ራልፍ ፓተን። የአክሮይድ የእንጀራ ልጅ ነው። መልኩ ያማረ፣ እጁ ገንዘብ የማይዝ፣ ዕዳ ያጎበጠው ወጣት ነው። የኑዛዜው ትልቁ ድርሻ ለእሱ ነው። በመስኮቱ ላይ የተገኘው ዱካ የእሱ ጫማ ዱካ ነው። ከዚያች ሌሊት ጀምሮም የገባበት ጠፍቷል። ፖሊስ ከዚህ የበለጠ ምን ይፈልጋል?

2ኛ፤ ፍሎራ አክሮይድ። የሟቹ የወንድም ልጅና የራልፍ እጮኛ ናት። በኑዛዜው 20,000 ፓውንድ ይደርሳታል። ፖይሮን ለምና ወደ ምርመራው ያስገባችው እሷ ናት። ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ አጎቷን ደኅና እደር ብላ እንደ ወጣች መሰከረች። እውነቱ ግን ወደ ጽሕፈት ክፍሉ አልገባችም፤ ከመኝታ ክፍሉ 40 ፓውንድ ሰርቃ ስትወርድ ሰው ስላያት ነው ይህን የፈጠረችው። በዚህች ትንሽ ውሸት ምክንያት የሞቱ ሰዓት ወደ ፊት ተገፋ፤ ገዳዩም ተሸሸገ፤ እጮኛዋም ወደ ገመድ ተጠጋ።

3ኛ፤ ወይዘሮ አክሮይድ። የፍሎራ እናት፣ የአክሮይድ ሟች ወንድም ሚስት ናት። በዘመድ ቤት ጥገኛ ሆና ስትኖር በስውር ተበድራለች። ኑዛዜውን ለማየት የአክሮይድን ጠረጴዛ በርብራለች።

4ኛ፤ ጄፍሪ ሬይመንድ። የአክሮይድ ጸሐፊ ነው። ፈገግታ የማይለየው ጨዋ ልጅ ይመስላል። ዕዳ እንዳለበትና በኑዛዜው የተተወለት 500 ፓውንድ ከጭንቀት እንደሚያወጣው ግን ሳይናገር ቆየ። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የአክሮይድን ድምፅ በበሩ ላይ የሰማው እሱ ነው።

5ኛ፤ ሻለቃ ሄክተር ብላንት። በአፍሪቃ ትልልቅ አውሬ ሲያድን የኖረ፣ ቃሉ የተቆጠረ ሰው ነው። የመግደያው ጩቤ ከቱኒዚያ የመጣ ሲሆን፣ ለአክሮይድ የሰጠው እሱ ነው። ምሥጢሩ ፍሎራን መውደዱ ነው።

6ኛ፤ ወይዘሪት ራስል። የቤቱ አስተዳዳሪ ናት። ያለ ጋብቻ የወለደችውና ለዓለም የሸሸገችው ልጅ አላት፤ ስሙ ቻርልስ ኬንት ነው። በአደንዛዥ ዕፅ ሱስ የተያዘው ይህ ልጅ ነው ያን ማታ ከግቢው በር ላይ የታየው።

7ኛ፤ ፓርከር። የቤቱ አሽከሮች አለቃ ነው። ቀድሞ ያገለገለውን ጌታ ምሥጢሩን ይዞ ገንዘብ የበላበት ሰው ነው። በዚህም ቤት በበር ጆሮውን ለጥፎ ያዳምጥ ነበር።

8ኛ፤ ኡርሱላ በርን። የቤቱ ገረድ ናት። ነገር ግን ራልፍ ፓተን በስውር ያገባት ሚስቱ ናት። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነገሩን ለአክሮይድ ገልጣ ከሥራ ተሰናብታለች።

ፖይሮ እነዚህን ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰብስቦ እያንዳንዳችሁ አንዳች ነገር ሸሽጋችሁኛል ይላቸዋል። እውነቱን ነው። አንዷ ስርቆቷን፣ አንዱ ዕዳውን፣ አንዷ ልጇን፣ አንዷ ጋብቻዋን ሸሽገዋል። ከእነዚህ ውስጥ አንዱም ነፍስ አላጠፋም። ያም ሆኖ እያንዳንዱ ከገበናው አንዲት ቁራጭ ስለ ሸሸገ፣ የሁሉም ቁራጭ ተደምሮ አንድ ንጹሕ ሰው ሊያሰቅል ነበር። አገራችን «ካነጋገር ይፈረዳል፤ ካያያዝ ይቀደዳል» ትላለች። የፈርንሊ ፓርክ ሰዎች ንግግር ተጣሞ ስለ ነበር ፍርዱም ሊጣመም ምንም አልቀረውም።

ስምንት ሰዎች ቆጠርን። አንባቢያችን ልብ ብሎ ከሆነ ያልቆጠርነው አንድ ሰው አለ። በመጀመሪያው ገጽ አግኝተነዋል፤ እራት ላይ አብረነው ተቀምጠናል፤ ሬሳው በተገኘ ጊዜ ከጎኑ ነበርን፤ ከፖይሮ ጋር ፍንጭ ሲፈልግ ተከትለነዋል። ሌሎቹን ሁሉ ያየናቸው በእሱ ዓይን ነው። ገዳዩ ዶክቶር ሼፐርድ ነው።

ወይዘሮ ፌራርስን ዓመት ሙሉ ሲመጠምጣት የኖረው እሱ ነው። ባሏ ሲሞት የታከመው በእሱ ነበርና ነገሩን ተረድቶ ነበር። ያገኘውንም ገንዘብ በማይረባ ንግድ አጥፍቶታል። አክሮይድ ደብዳቤውን አንብቦ ስሙን ሳያገኝ በፊት ገደለው። ከዚያም ዲክታፎን በሚባለው ድምፅ የሚቀዳ መኪና የአክሮይድን ድምፅ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ እንዲያሰማ አዘጋጅቶ ሄደ፤ ሬይመንድ የሰማው የሞተ ሰው ድምፅ ነበር። የራልፍን ጫማ ወስዶ ዱካ አተመ። ሕመምተኛው የነበረ አንድ የመርከብ አስተናጋጅ ከባቡር ጣቢያ ስልክ እንዲደውልለት አድርጎ፣ መኪናውን በሐኪም ቦርሳው ውስጥ ከትቶ ለማውጣት ሬሳው በተገኘበት ጊዜ ቤቱ ውስጥ ተገኘ። ራልፍንም በወዳጅነት ስም የአእምሮ ሕሙማን በሚታከሙበት ቤት የሸሸገው እሱ ነው፤ የተሸሸገ ሰው ጥፋተኛ ይመስላልና።

የመጽሐፉ ትልቅ ነገር ግን ይህ ተንኮል አይደለም። ሐኪሙ ሲጽፍ አልዋሸም ማለት ይቻላል። ከክፍሉ የወጣው ለሦስት ሰዓት አሥር ሲቀረው ነው፤ እውነት ነው። ሲወጣ ደብዳቤው አልተነበበም፤ ይህም እውነት ነው። በሩ ላይ ቆም ብሎ ያልፈጸምኩት ነገር ይኖር ይሆን ብሎ ወደ ኋላ ተመለከተ፤ ይህም እውነት ነው። ደብዳቤው ከመጣበት ጊዜ አንሥቶ በሩን እስከ ዘጋበት ጊዜ ድረስ አሥር ደቂቃ አለ። በዚያ አሥር ደቂቃ ውስጥ ምን እንደ ተደረገ ግን አልጻፈም። ዐረፍተ ነገሮቹ ሁሉ እውነት ሆነው ሳለ ጽሑፉ ውሸት ሆነ።

ፖይሮም የያዘው በተጻፈው ሳይሆን በተዘለለው ነው። ከቤቱ እስከ ግቢው በር አምስት ደቂቃ የሚበቃ መንገድ ነው፤ ሐኪሙ ግን አሥር ደቂቃ ፈጀበት። ፓርከር ደግሞ አንድ ትልቅ ወንበር ከቦታው ተስቦ እንደ ነበረ አስተዋለ፤ ወንበሩ የተሳበው ከበሩ ለሚገባ ሰው መኪናው እንዳይታይ ነበር። ሐኪሙ እስከዚያ ድረስ የጻፈውን ለፖይሮ ባስነበበው ጊዜ መርማሪው ትሕትናህ ያስደንቃል፤ ራስህን ከታሪኩ ወደ ኋላ አድርገሃል ሲል አመሰገነው። ሐኪሙ ምስጋናው ምን ያህል የከበደ እንደ ነበረ የተረዳው ዘግይቶ ነው።

እኛም መጽሐፉን መጀመሪያ ባነበብን ጊዜ የደረሰብንን መሸሸግ አይገባንም። ራልፍ ፓተንን በመጥፋቱ ጠረጠርነው፤ ፓርከርን በአሽከርነቱ ጠረጠርነው፤ ወይዘሪት ራስልን ዝም በማለቷ ጠረጠርናት። ሐኪሙን ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅነውም። ለምን? ጨዋ አነጋገር ስላለው፣ የተማረ ስለ ሆነ፣ ከሁሉም ይልቅ ታሪኩን የሚነግረን እሱ ስለ ነበረ ነው። ድሃውንና አሽከሩን ስንመረምር ብዕር የያዘውን ሰው ሳንመረምረው አለፍን።

መጽሐፉ በወጣ ጊዜ ብዙ አንባቢዎች «ተታለልን» ብለው ተቈጡ። በ1928 ዓ.ም. ቫን ዳይን የተባሉት አሜሪካዊ ደራሲ ለዚህ ዓይነት ድርሰት 20 ሕግ አወጡ፤ ደራሲ አንባቢውን ያለ አግባብ እንዳያታልል የሚከለክል ሕግ ከመካከላቸው ይገኛል። በ1929 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዛዊው ካህን ሮናልድ ኖክስ 10 ሕግ አወጡ፤ በመጀመሪያውም ገዳዩ አንባቢ ሐሳቡን ሲከተለው የቆየ ሰው መሆን የለበትም አሉ። በሌላ በኩል ደራሲዋ ዶሮቲ ሴየርስ፣ ሁሉንም መጠርጠር የአንባቢው ፋንታ ነው ብለው ተከራከሩ። በ1945 ዓ.ም. አሜሪካዊው ሐያሲ ኤድመንድ ዊልሰን፣ አክሮይድን ማን እንደ ገደለው ማን ግድ አለው የሚል አርእስት ያለው ጽሑፍ አውጥተው የዚህን ዓይነት ልብ ወለድ ሁሉ ነቀፉ። በ1998 ዓ.ም. ፈረንሳዊው የሥነ ጽሑፍ መምህር ፒየር ባያር ፖይሮ ራሱ ተሳስቷል፤ እውነተኛዋ ገዳይ የሐኪሙ እኅት ናት የሚል ሙሉ መጽሐፍ ጻፉ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የብሪታንያ የወንጀል ልብ ወለድ ደራስያን ማኅበር አባላት ድምፅ ሰጥተው ከዚህ ዓይነት መጻሕፍት ሁሉ ብልጫ ያለው ይህ ነው አሉ።

እኛ ከዶሮቲ ሴየርስ ጋር እንቆማለን። ደራሲዋ አላታለሉንም። አሥሩን ደቂቃ በግልጥ ጽፈው ሰጥተውናል፤ ያልቆጠርነው እኛ ነን።

ስለ ሐኪሙ እኅት ስለ ካሮላይን ሳንናገር ብናልፍ መጽሐፉን እንበድላለን። ከቤቷ ሳትወጣ የመንደሩን ወሬ ሁሉ የምትሰበስብ ያላገባች ሴት ናት። ወንድሟ ይቀልድባታል። ወይዘሮ ፌራርስ ባሏን መርዛለች ብላ ከሁሉ በፊት የተናገረችው ግን እሷ ናት። አጋታ ክሪስቲ ይህችን ሴት እጅግ ይወዷት ነበር፤ በኋላ ዝናዋ የወጣው አሮጊቷ መርማሪ ወይዘሪት ማርፕል ከእሷ ሳትወለድ እንዳልቀረችም በሕይወት ታሪካቸው ጽፈዋል። ካሮላይን የመንደሩን ሰው ሁሉ ምሥጢር ታውቃለች፤ በየቀኑ ቁርስ አብሯት የሚበላውን ወንድሟን ግን አላወቀችውም። በመጨረሻ ፖይሮ ለሐኪሙ አንድ ሌሊት ይሰጠዋል፤ ንጹሑ ራልፍ ነጻ እንዲወጣ ኑዛዜውን ጽፎ ከፍርድ አደባባይ በፊት በገዛ እጁ እንዲሄድ፣ እኅቱም ውርደቱን እንዳታይ ነው። ሐኪሙም የመጨረሻውን ምዕራፍ ይጽፋል። በዚያ ምዕራፍ ውስጥ አሥሩ ደቂቃ ይሞላል። የሚመርጠውም መድኃኒት ወይዘሮ ፌራርስ የሞተችበትን ቬሮናል ነው።

ይህን ሁሉ የተረክነው ሰዓት ለማሳለፍ ብቻ አይደለም። ተማሪው ዛሬ የሚያነበውን መጽሐፍ አንድ ሰው ጽፎታል። ወጣቱ የመሥሪያ ቤት ሹም ነገ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ የሚያገኘውን ማስታወሻ አንድ ሰው ጽፎታል። ከተከሰሰው ሠራተኛ ጋር ስብሰባ ላይ የነበረው፣ ቃለ ጉባኤውንም የያዘው ምናልባት ያው ሰው ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ ንጹሕ ነው፤ ቀኑና ቁጥሩ ልክ ነው፤ ማኅተሙም አልጎደለም። ነገር ግን ሰውዬው ከሥራው የሚሰናበተው ወይም የማይሰናበተው በዚያ ወረቀት ነው። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እንደሚባለው፣ አንድ ጊዜ የተጻፈ ነገር ከመዝገብ ወደ መዝገብ እየተላለፈ ከሰውዬው ዕድሜ በላይ ይኖራል።

ስለዚህ ጸሐፊውን ሁሉ እንደ ወንጀለኛ እንይ አንልም፤ እንዲህ የሚያስብ ሰው ማንንም አምኖ ሥራ ሊሠራ አይችልም። የምንለው ሁለት ጥያቄ መጨመር ነው። ይህን የጻፈው ማን ነው? በዚህኛውና በሚቀጥለው መሥመር መካከል ስንት ደቂቃ አለ? ከዚህም ሌላ ብዕሩ በእኛ እጅ በሚሆንበት ቀን፣ የጻፍነው እውነት መሆኑን ብቻ ሳይሆን የዘለልነው ምን እንደ ሆነ ራሳችንን እንጠይቅ። ዶክቶር ሼፐርድ የጻፈውን ሁሉ ቢጠየቅ በድፍረት ይምልበት ነበር፤ ያልጻፈውን ግን የጠየቀው ሰው አንድ ፖይሮ ብቻ ነው።